«ዲስከስ» ወይስ «ዲስከስ አባውት»? የእንግሊዝኛ መስተዋድድን ለማጣራት የቱ መንገድ ያዋጣል?

የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ለለጋሽ ድርጅት የሚላክ ሪፖርት፣ ለኤምባሲ የሚጻፍ ደብዳቤ። ሁሉም እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ሰዋስዉን እንደምንም እንወጣዋለን። ግሡን ተከትላ የምትመጣዋ ትንሽ ቃል ግን ታንገላታናለች። «ኦን» ትሁን «ኢን»? «ቱ» ወይስ «ፎር»? ወይስ ጭራሽ ምንም አያስፈልግም?

ማጣሪያ ሞልቷል። መዝገበ ቃላት አለ፣ ጉግል አለ፣ እያሰመረ የሚያርም ፕሮግራም አለ፣ ቻትጂፒቲ አለ። እንግሊዝኛ የሚችል ጓደኛም አይጠፋም። ጣጣው አንዱ ያሳለፈውን ሌላው መጣሉ ነው። እዚህ እነዚህን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማን የቱ እንደሚሻል እናያለን። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በአነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ስታነቧቸው ታውቋቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ስህተቱን ለዩ

የመስተዋድድ ስህተት ሦስት ዓይነት ነው። የትኛው እንደሚያጠቃችሁ ካላወቃችሁ ለማይረባችሁ መሣሪያ ገንዘብ ትከፍላላችሁ።

አንደኛው ትርፍ መስተዋድድ ነው። እዚህ ላይ የሚገፋፋን አማርኛችን ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» እንላለን፤ እጃችን «ዲስከስ» ብሎ «አባውት» ይጨምራል። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪ ዊዝ» እንጽፋለን። «በጥራት ላይ አጽንኦት ሰጠ» ስለምንል «ኢምፋሳይዝ ኦን» ይመጣል። ሦስቱም ስህተት ናቸው። እነዚህ ግሦች ነገሩን በቀጥታ ነው የሚይዙት፤ በመሃል የሚገባ ቃል የለም። «ኤንተር»ም እንደዚያው ነው። ክፍል ውስጥ ለመግባት ብቻውን ይበቃል። ውል ለመግባት ግን «ኤንተር ኢንቱ» ይባላል፤ ይሄኛው ትክክል ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፣ አንዴ ይዞ አንዴ ይለቃል።

ትርፉ እንዲህ የሚጸናበት ሌላም ምክንያት አለ። ከአንድ ሥር የወጡት ስምና ግሥ ጠባያቸው ይለያያል። ስሙ መስተዋድድ ይፈልጋል፣ ግሡ አይፈልግም። «ኢምፋሲስ ኦን» ትክክል ነው፤ «ኢምፋሳይዝ ኦን» አይደለም። «ኤ ሪኩዌስት ፎር» ይባላል፤ «ሪኩዌስት» ግሥ ሲሆን ግን «ፎር» ይወድቃል። «ኤ ላክ ኦፍ ወተር» የውሃ እጥረት ነው፤ «ዘ ታውን ላክስ ወተር» ሲባል «ኦፍ» የለም። «ኮንታክት ዊዝ» ስም ነው፤ ሰውየውን አግኙት ለማለት «ኮንታክት ሂም» ብቻ። «ዲማንድ ፎር» የገበያ ፍላጎት ነው፤ ሠራተኞቹ ጭማሪ ሲጠይቁ ግን «ዲማንድ» ብቻውን ይቆማል። ዓይናችን ስሙን ከነመስተዋድዱ ደጋግሞ ስላየ ግሡም ላይ ይለጥፈዋል። በእኔ ግምት አገር ቤት በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ደግነቱ ለማረም ቀላሉም ይህ ነው።

ሁለተኛው የጎደለ ወይም የተሳሳተ መስተዋድድ ነው። «አውቶቡስ ጠበቅኩ»፣ «ሬዲዮ አዳመጥኩ» ስንል አማርኛው ምንም አይጨምርም። እንግሊዝኛው ግን «ዌት ፎር» እና «ሊስን ቱ» ይላል። «አስረዳኝ» ስለምንል «ኤክስፕሌይን ሚ» እንጽፋለን፤ መሆን ያለበት «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው። «አዲስ አበባ ደረስኩ» ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። «አራይቭ» ለከተማና ለአገር «ኢን» ይወስዳል፤ ለጣቢያ፣ ለአየር ማረፊያ፣ ለቢሮ «አት» ይወስዳል። የደረስንበትን ቦታ ለመናገር «አራይቭ ቱ» የሚባል ነገር የለም፤ «ወደ» ከሚለው ተቀድቶ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ተንኮለኛው ነው። ሁለቱም መስተዋድዶች ትክክል ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው። «ለዩኒቨርሲቲው አመለከትኩ»፣ «ለስኮላርሺፑ አመለከትኩ» ስንል ሁለቱም ላይ «ለ» ነው። እንግሊዝኛው ይከፍለዋል። የምታመለክቱበት ተቋም «አፕላይ ቱ»፣ የምትፈልጉት ነገር «አፕላይ ፎር»። «አግሪ» ደግሞ ሦስት ያደርገዋል። ከሰው ወይም ከሐሳብ ጋር መስማማት «ዊዝ»፣ የቀረበን ጥያቄ እሺ ብሎ መቀበል «ቱ»፣ ተነጋግሮ በአንድ ጉዳይ ላይ መወሰን «ኦን»። «የቀረበልንን ሐሳብ ተቀብለነዋል» ለማለት ፈልጋችሁ «አግሪ ዊዝ» ብትሉ ለጋሹ የሚረዳው ሐሳቡ ደስ እንዳላችሁ ብቻ ነው። ትሠሩታላችሁ ማለት አይደለም።

ከሁሉም የሚከፋው «ሪዘልት» ነው። «ሪዘልት ኢን» አስከተለ ማለት ነው፤ «ሪዘልት ፍሮም» ከ… የተነሳ መጣ ማለት ነው። ድርቁ ሰብሉን አጠፋ ለማለት «የሰብል ውድመቱ ሪዘልትድ ፍሮም ድርቅ» መባል ሲገባው «ሪዘልትድ ኢን» ከተጻፈ ሰብሉ ድርቅ አመጣ ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ምንም አልጎደለውም። ምክንያትና ውጤቱ ግን ተገልብጠዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ታች መሣሪያዎቹን የምንፈትነው በእሱ ነው።

በሁሉም አማርኛን መክሰስ ግን ግፍ ነው። «ከ… ይለያል» ሲል «ዲፈር ፍሮም» ይገጥማል። «በ… ላይ የተመሠረተ» ሲል «ቤዝድ ኦን» ይገጥማል። «በስብሰባው ተሳተፈ» ሲል «ፓርቲሲፔት ኢን» ብዙ አይርቅም። እነዚህ ላይ ሆዳችሁን ካመናችሁ ብዙ ጊዜ ትክክል ናችሁ።

በምን እንመዝናቸው?

መመዘኛዎቼ አምስት ናቸው። መሣሪያው «እዚህ ምንም አትጨምር» ብሎ በግልጽ ይነግራል? ሁለት ትክክለኛ መስተዋድዶችን በትርጉም ይለያል? የእንግሊዝንና የአሜሪካን አጻጻፍ ይለያል? ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ ይበላል? ሁለተኛው ላይ ነው ብዙዎቹ የሚወድቁት።

እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት

ቤታችን የሚገኘው ይህ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ብዙዎቹ አይረዱም። «ዲስከስ» ስትሉት «ተወያየ» ይላችኋል፤ እናንተም «ስለ»ን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ስህተቱ እዚያው ተወለደ። ልዩ የሆነ አንድ አለ፦ የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቃሉን ብቻውን ከመተርጎም ይልቅ በሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጦ ከነአማርኛው ያቀርበዋል። የተዘጋጀው አማርኛን ለሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው። እኛ ግን ገልብጠን ብንጠቀምበት ግሡ ምን እንደሚያስከትል ከምሳሌው ይታያል። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካገኛችሁት አትለፉት።

የተማሪዎች መዝገበ ቃላት፣ በእንግሊዝኛ ብቻ

የእኔ ምርጫ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ለእንግሊዝኛ ተወላጆች የሚዘጋጀው መዝገበ ቃላትና ለውጭ ተማሪዎች የሚዘጋጀው አንድ አይደሉም። ተወላጁ መስተዋድዱን ስለሚያውቀው መዝገበ ቃላቱ ሊነግረው አይጨነቅም። የተማሪዎቹ ግን ከክፍል ውስጥ የወጣ ነው። ኤ. ኤስ. ሆርንቢ የተባሉ እንግሊዛዊ መምህር ጃፓን ውስጥ ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸው ግሥን ከምን ጋር እንደሚያጣምሩ ግራ ሲጋቡ እያዩ የግሦቹን አካሄድ በዓይነት በዓይነት ለዩት። ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1942 እዚያው ጃፓን ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ አወጣው። ዛሬ ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ የምንለው ከዚያ የወረደ ነው። ሎንግማን በ1978፣ ኮሊንስ ኮቢልድ በ1987 ተከተሉ። እነዚህም ሆኑ የካምብሪጁ ዛሬ በድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባሉ።

ብዙ ሰው ግን አነባበቡን አያውቀውም። ፍቺውን አይቶ ይዘጋዋል። እናንተ ከፍቺው ጎን በደማቁ የተጻፈውን ቅርጽ እዩ። «ሳምባዲ» እና «ሳምቲንግ» የሚሉት ቃላት አጥረው ተጽፈዋል። ግሡን ወዲያው ተከትሎ «ሳምቲንግ» ከመጣ መስተዋድድ የለም ማለት ነው። «ዲስከስ ሳምቲንግ ዊዝ ሳምባዲ» የሚለውን ተመልከቱ። ጉዳዩ በቀጥታ ይመጣል፤ «ዊዝ» የሚያስፈልገው አብሯችሁ ለሚወያየው ሰው ብቻ ነው። በዚህች አንዲት መስመር ጥያቄው አለቀ። «አፕላይ» ላይ ስትሄዱ ደግሞ «ፎር» እና «ቱ» ለየብቻቸው ከነምሳሌያቸው ተቀምጠዋል። ኮቢልድ ፍቺውን ራሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሚጽፈው መስተዋድዱ ፍቺው ውስጥ ይገኛል። ቅርጽ ማንበብ ለማይወድ ሰው እሱ ይቀለዋል።

የድርቁ ዓረፍተ ነገርስ? መዝገበ ቃላቱ ራሱ አይደርስላችሁም። ከከፈታችሁት ግን «ሪዘልት ኢን» እና «ሪዘልት ፍሮም» ምን እንደሆኑ ያለ ጥርጥር ታገኛላችሁ። ድክመቱ ይኸው ነው። መጠርጠር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

የቃላት ጥምረት መዝገበ ቃላት

የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ብቻ የሚዘረዝር ነው፤ የኦክስፎርዱ በ2002 ወጣ። ለስሞች ግሩም ነው። ግሦቹንም ከነመስተዋድዳቸው ይዘረዝራል። የትርጉም ልዩነቱን ግን ብዙም አያብራራም። የተማሪዎቹን መዝገበ ቃላት ሳትይዙ ይህን አትግዙ።

ኮርፐስ፦ ሰዎች በእርግጥ የጻፉትን ማየት

ኮርፐስ ማለት ለፍለጋ የተደራጀ ግዙፍ የጽሑፍ ክምችት ነው። በስፋት የሚታወቀው ኮካ ነው፤ ማርክ ዴቪስ የተባሉ የቋንቋ ሊቅ ያሰባሰቡት የአሜሪካ እንግሊዝኛ ክምችት። ከ1990 እስከ 2019 ያሉ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃላት ይዟል። የእንግሊዙ ብሪቲሽ ናሽናል ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ቃላት አሉት። ኮካ ላይ በነጻ ተመዝግባችሁ በቀን የተወሰነ ፍለጋ ማድረግ ትችላላችሁ።

ትልቁ ጥቅሙ የእንግሊዝና የአሜሪካ ክርክር ላይ ነው። «ዲፈረንት ፍሮም»፣ «ዲፈረንት ዛን»፣ «ዲፈረንት ቱ» ብላችሁ ፈልጉ። «ፍሮም» በሁለቱም አገር ቀዳሚ ነው። «ዛን» አሜሪካ ይበዛል፣ «ቱ» እንግሊዝ ይገኛል። ስለዚህ አንባቢያችሁ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ «ፍሮም» ብላችሁ ተገላገሉ። ኮካ የአካዳሚክ ጽሑፉን ከወሬው ስለሚለየው፣ የሆነ አገላለጽ ለጥናት ይመጥን እንደሆነም ይታያል።

ከ2010 ጀምሮ ያለው የጉግል ኤንግራም ቪዩወር የኮርፐስ ታናሽ ወንድም ነው። መመዝገብ አያስፈልግም። ግሡን ጽፋችሁ ከጎኑ የኮከብ ምልክት ብታስቀምጡ ተከትለው በብዛት የሚመጡትን ቃላት በግራፍ ያወጣል። የአሜሪካና የእንግሊዝ መጻሕፍትን ለይቶ መፈለግም ይቻላል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ዲስከስ አባውት» ብላችሁ ፈልጋችሁ ውጤት ስታገኙ «ያው፣ ይባላል!» እንዳትሉ። «አባውት» በእንግሊዝኛ «ወደ» ወይም «ገደማ» ማለትም ነው። «ሃያ ገደማ ጉዳዮችን እንወያያለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ዲስከስ አባውት ትዌንቲ» ተብሎ ይጻፋል፤ እሱም ትክክል ነው። «አግሪ ቱ» ስትፈልጉም እንዲሁ፤ «ለመክፈል ተስማማ» ውስጥ ያለው «ቱ» ከግሥ በፊት የመጣ እንጂ መስተዋድድ አይደለም። ኮርፐስ ላይ ዓረፍተ ነገሮቹን ከፍታችሁ ታነባላችሁ፤ ግራፉ ላይ ግን አታዩም። ቁጥር ብቻ የሚያሳይ መሣሪያን ለዚህ ነው ሙሉ በሙሉ የማላምነው።

ጉግል ላይ በትእምርተ ጥቅስ መፈለግ

ሁላችንም እናደርገዋለን። «ይህን ያህል ሚሊዮን ውጤት አለው» ብለን እንጽናናለን። ያ ቁጥር ግምት ነው፤ ገጽ ስትቀይሩ ራሱ ይቀየራል። ደግሞስ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፈው ማን ነው? እንደኛው እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኘ ሕዝብ ሞልቶበታል። ስህተታችን የጋራ ስለሆነ ብዙ ደጋፊ ያገኛል። ከተጠቀማችሁ ፍለጋውን በታወቁ ጋዜጦች ወይም በዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ላይ ወስኑት። አለዚያ ጊዜ ማጥፋት ነው።

እያሰመሩ የሚያርሙ ፕሮግራሞች

ግራመርሊ፣ ላንጉዌጅቱል፣ ማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ ያለው አራሚ። ነጻ ደረጃቸው ለተራ ስህተት ይበቃል። ላንጉዌጅቱል ኮዱ ክፍት ነው፤ ቴክኒክ የሚያውቅ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት ሊያሠራው ይችላል። ምስጢራዊ ሰነድ ለሚጽፍ መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንደኛውንና ሁለተኛውን ስህተት ብዙ ጊዜ ይይዛሉ። «ዲስከስ አባውት»ን፣ «ሊስን» ያለ «ቱ»ን ያሰምሩበታል። ሦስተኛው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። «የሰብል ውድመቱ ድርቅ አስከተለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ጤነኛ ስለሆነ በሰላም ያልፋል። ምንም ቀይ መስመር አለማየት ሰውን ያዘናጋል። «ግራመርሊ አሳልፎታል» ብሎ ተማምኖ የሚያስረክብ ስንት ሰው አለ!

ወደ ክፍያ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነጻ ዘዴ ልንገራችሁ። የምታዘወትሯቸውን ስህተቶች ወረቀት ላይ ጻፉ፦ «ዲስከስ አባውት»፣ «ኢምፋሳይዝ ኦን»፣ «ሪኩዌስት ፎር»፣ «ኮምፕራይዝ ኦፍ»። ጽሑፉ ሲያልቅ ኮንትሮልና ኤፍን ተጭናችሁ አንድ በአንድ ፈልጓቸው። «ሪኩዌስት ፎር» ስም ሆኖ ከመጣ እለፉት፤ ግሥ ከሆነ «ፎር»ን አውጡት። መቶ ገጽ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ቶሎ ይጠራል፤ መብራት ቢጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ይሠራል።

ቻትቦቶች

ስለ ትርጉም ስለሚነጋገሩ ከአራሚዎቹ አንድ እርምጃ ይቀድማሉ። የድርቁን ዓረፍተ ነገር ብትሰጧቸው መገልበጡን የማየት ዕድላቸው ሰፊ ነው። በአማርኛ ልትጠይቋቸውም ትችላላችሁ። ግን ሁለት ጠባይ አላቸው። ሲሳሳቱም እንደ እርግጠኛ ሰው ነው የሚናገሩት፤ ለተሳሳተው መልስ የሚያምር ደንብ ይፈጥሩለታል። ደግሞ «አርምልኝ» ስትሏቸው መስተዋድዱን ብቻ አስተካክለው አያቆሙም። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ያድሱታል፤ የእናንተ ድምፅ ይጠፋል።

ስለዚህ አጠያየቁ ላይ ጠንከር በሉ። «አርመው» ከማለት «አግሪ ቱ እና አግሪ ዊዝ እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን የትርጉም ልዩነት ያመጣሉ? ሌላውን አትንካ» በሉት። መልሱን መዝገበ ቃላት ላይ አመሳክሩ። ተመራቂዎች ደግሞ ዩኒቨርሲቲያችሁ በዚህ ላይ ያወጣው ደንብ ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያልታተመ ጥናትን ወይም የድርጅት ሰነድን እዚያ መለጠፍ አይመከርም።

ሰው

ጥሩ አርታኢ ሦስቱንም ስህተት ይይዛል። ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ ደውሎ ይጠይቃችኋል፤ ይህን ማሽን አያደርገውም። ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ጊዜም ይወስዳል። ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች «ኤዲት እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ፋይሉን አራሚ ፕሮግራም ውስጥ ከትቶ «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ነው የሚጫነው። ያንን እናንተም ታደርጉታላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ገጽ ስጡና እርማቱ በትራክ ቼንጅስ (እያንዳንዱን ለውጥ ምልክት አድርጎ በሚያሳየው የወርድ ዘዴ) እንዲታያችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድን ማስቸገርም አለ። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ «ይሄ ጆሮዬን ይጎረብጠኛል» ሲል ብዙ ጊዜ ልክ ነው። «ለምን?» ብላችሁ ግን አታስጨንቁት፤ አያውቀውም። የጆሮው እንግሊዝኛም የንግግር መሆኑን አትርሱ።

በአንድ ዓይን ሲታይ

| መንገድ | ትርፍን ይይዛል? | ትርጉም ይለያል? | እንግሊዝና አሜሪካን ይለያል? | ያለ ኢንተርኔት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት | አልፎ አልፎ | በጥቂቱ | አይለይም | ወረቀቱ ይሠራል | ዝቅተኛ |
| የተማሪዎች መዝገበ ቃላት | አዎ፣ ቅርጹን ካነበባችሁ | በደንብ | አዎ | ወረቀቱ ይሠራል | ድረ ገጹ ነጻ |
| የቃላት ጥምረት መዝገበ ቃላት | በከፊል | በጥቂቱ | በከፊል | ወረቀቱ ይሠራል | መካከለኛ |
| ኮርፐስና ኤንግራም | አዎ፣ በጥንቃቄ | ምሳሌ በማንበብ | ከሁሉም በላይ | አይሠራም | ነጻ፣ ጊዜ ይበላል |
| ጉግል በትእምርተ ጥቅስ | አያስተማምንም | አይለይም | አይለይም | አይሠራም | ነጻ |
| አራሚ ፕሮግራም | ብዙ ጊዜ | አይለይም ለማለት ይቻላል | ቋንቋውን ካስተካከላችሁት | በአብዛኛው አይሠራም | ነጻ ወይም ወርሃዊ |
| ቻትቦት | ብዙ ጊዜ | ብዙ ጊዜ፣ ይመሳከር | ከተጠየቀ | በአብዛኛው አይሠራም | ነጻ ወይም ወርሃዊ |
| አርታኢ | አዎ | አዎ | ከተነገረው | ይሠራል | ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

ለፈተና የምትዘጋጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መዝገበ ቃላቱ ይበቃችኋል። ፈተና ክፍል ይዛችሁት የምትገቡት የምታስታውሱትን ብቻ ነው። ግሥን ብቻውን አታጥኑ፤ ሁልጊዜ ከነመስተዋድዱ ደብተር ላይ አስፍሩ፣ «ዲፔንድ ኦን»፣ «ኮንሲስት ኦፍ»፣ «አኪዩዝ ኦፍ» እያላችሁ። ከ«አኪዩዝ ኦፍ» ጎን «ቻርጅ ዊዝ»ን አኑሩ። ሁለቱም መክሰስ ናቸው፤ መስተዋድዳቸው ግን አይገናኝም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፍ፦ መጀመሪያ በኮንትሮልና ኤፍ ትርፉን አጽዱ፤ ቀጥሎ ነጻውን አራሚ አሳልፉበት። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ሙሉውን ጽሑፍ ለአርታኢ አትስጡ። አብስትራክቱን፣ የውጤት ምዕራፉንና መደምደሚያውን ብቻ አስነብቡ። «ሪዘልት ኢን» እና «ሪዘልት ፍሮም» የሚጋጩት እዚያ ነው። «ኮምፔር ቱ» እና «ኮምፔር ዊዝ» ላይ ግን እንቅልፍ አትጡ፤ መጻሕፍት ቢለዩአቸውም ጠንቃቃ ጸሐፊዎች ራሳቸው ያፈራርቋቸዋል።

ሥራ ለሚያመለክት፦ የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ግሥ ነው፤ ለደብዳቤ ስትሉ ደንበኝነት አትግዙ። «አፕላይ ፎር» ለቦታው። «ግራጁዌት ፍሮም» ለዩኒቨርሲቲው፤ አሜሪካ ውስጥ «ፍሮም» ሲዘለል ብትሰሙም በጽሑፍ አትዝለሉት። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ»። እዚህ ያለው «ቱ» መስተዋድድ ነው፤ ስለዚህ ግሡ «ሂር» ሳይሆን «ሂሪንግ» ይሆናል። ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው በዚህች መስመር ላይ ነው፤ እሷም አሠሪው መጨረሻ ላይ የሚያነባት ናት።

ለለጋሽ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ቢሮ፦ አንድ አርታኢ በቋሚነት ቢኖራችሁ ያዋጣል። «ፕሮቫይድ» የሚለውን ግሥ ብቻ ቢያስተካክልላችሁ ደሞዙን አወጣ። ሰውን ካስቀደማችሁ «ፕሮቫይድ ፋርመርስ ዊዝ ሲድ» ነው፤ ዘሩን ካስቀደማችሁ «ፕሮቫይድ ሲድ ቱ ፋርመርስ» ወይም «ፎር»። «ፕሮቫይድ ፋርመርስ ሲድ» የሚለው አሜሪካ ውስጥ ቢሰማም ሪፖርት ላይ አይመከርም።

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ የምትኖሩ፦ መጀመሪያ የአራሚያችሁን ቋንቋ ከምትኖሩበት አገር ጋር አስተካክሉ። አገር ቤት ያነበብነው እንግሊዝኛ የሁለቱ ቅይጥ ስለሆነ በጆሮ ብቻ አይለይም። ቅጽ መሙላት እንግሊዝ «ፊል ኢን»፣ አሜሪካ «ፊል አውት» ነው። «ጻፍልኝ» ለማለት አሜሪካዊው «ራይት ሚ» ይላል፣ እንግሊዛዊው «ራይት ቱ ሚ» ይላል። ውሳኔን መቃወም አሜሪካ «ፕሮቴስት» ብቻውን ይበቃዋል፤ እንግሊዝ «ፕሮቴስት አጌንስት» ይላል። «አግሪ»ን እንግሊዞች አንዳንዴ ያለ ምንም መስተዋድድ «አግሪ ዘ ፕላን» ብለው ይጽፉታል፤ አሜሪካ ያለ አለቃችሁ ግን ቃል የረሳችሁ ይመስለዋል።